ከደጅ እስከ መጋረጃው ውስጥ፦ የመገናኛው ድንኳንና የግል ጸሎታችን



መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ላንብብ ብሎ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ኦሪት ዘጸአት ላይ ነው። ባሕር ሲከፈል፣ መና ሲወርድ፣ ሲና ተራራ ሲጤስ በጉጉት ሲከታተል ይቆይና ምዕራፍ 25 ሲደርስ ክንድና ስንዝር፣ ሳንቃና እግር፣ ቀለበትና መወርወሪያ ይቀበሉታል። «ታሪኩስ የት ሄደ?» ይልና ገጹን ይገለብጣል። ይሁን እንጂ ለሰማይና ለምድር አፈጣጠር ሁለት ምዕራፍ በበቃበት ኦሪት ውስጥ፣ አንድ ድንኳን እንዴት እንዲሠራ እንደታዘዘና እንዴት እንደተሠራ ለመናገር 13 ምዕራፍ ውሏል። ብራና ስለ ተረፈ አይደለም።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ድንኳን ነው። በየቤታችን፣ በየአልጋችን ጠርዝ፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ አንገታችንን ደፍተን ለብቻችን የምንጸልየው ጸሎት ከዚያ ስፍራ ምን ሊማር ይችላል? የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። መቅደሱ ጸሎት የሚያስተምረን በአካሄዱ ነው። በዚያ አካሄድ ልመና መጀመሪያ ላይ አይመጣም፤ የመጨረሻውም ቃል የለማኙ አይደለም። የብዙዎቻችን የግል ጸሎት ግን በልመና ተጀምሮ በልመና ያልቃል፤ «አሜን» ካልን በኋላ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ቆም አንልም።

እስቲ ስፍራውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ርዝመቱ 100 ክንድ፣ ወርዱ 50 ክንድ የሆነ አደባባይ ነው። ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ልክ ስለሆነ በዛሬው መለኪያ 45 ሜትር በ22 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ሰፊ ስፍራ አይደለም። ዙሪያውን ቁመቱ 5 ክንድ የሆነ ነጭ የበፍታ መጋረጃ ከብቦታል፤ ውጭ የቆመ ሰው ውስጡን አያይም። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ በምሥራቅ በኩል፣ ስፋቱ 20 ክንድ፣ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ግምጃ ያጌጠ። በዚያ ሲገቡ መጀመሪያ የሚገኘው የናስ መሠዊያ ነው፤ ቀጥሎ የናስ መታጠቢያ ሰን። ከዚያ ዋናው ድንኳን ይመጣል፤ 30 ክንድ በ10 ክንድ። የፊተኛው ክፍል ቅድስት ይባላል፤ በስተሰሜን የኅብስቱ ገበታ፣ በስተደቡብ መቅረዙ፣ ከመጋረጃው ፊት ለፊት የዕጣኑ መሠዊያ አሉበት። ከመጋረጃው በስተጀርባ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም እኩል 10 ክንድ የሆነው ቅድስተ ቅዱሳን አለ። በውስጡ ያለው ታቦቱ ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ናሱ ወርቅ እየሆነ፣ የሚገባውም ሰው ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። አደባባዩን መሥዋዕት የያዘ እስራኤላዊ ሁሉ ይረግጠዋል፤ ወደ ቅድስት የሚገቡት ካህናት ናቸው፤ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባው አንድ ሊቀ ካህናት ነው፤ እርሱም በዓመት አንድ ቀን፣ በስርየት ቀን። እንዲህ ያለው አከፋፈል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ታቦቱ ያለው በመቅደሱ ነው። እሑድ የሚደርሰው የውዳሴ ማርያም ክፍልም ድንኳኑን፣ ታቦቱን፣ የመናውን መሶበ ወርቅ፣ መቅረዙንና ማዕጠንቱን እያነሣ ለእመቤታችን ምሳሌ ያደርጋቸዋል። ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ያደጉ ሰዎች ይህን የድንኳን ካርታ ሳያውቁት በቃላቸው ይዘውታል ማለት ነው።

በሩ በምሥራቅ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ካህኑ የሚገባው ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት አዳም ከገነት ከተባረረ በኋላ ኪሩቤል በገነት ምሥራቅ እንዲጠብቁ እንደተደረጉ ይተርካል። በድንኳኑም መጋረጃ ላይ ኪሩቤል ተጠልፈዋል። መቅረዙ ቅርንጫፍ፣ እንቡጥና የለውዝ አበባ አለው፤ ዛፍ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ካህኑ ከምሥራቅ ገብቶ፣ ዛፉን አልፎ፣ ኪሩቤል ወዳሉበት መጋረጃ ሲጠጋ አዳም የወጣበትን መንገድ ወደ ኋላ እየሄደበት ነው።

ይህ የዛሬ ዘመን ሊቃውንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፈ ኩፋሌን አስቡ። ዕብራይስጡ ጠፍቶ ኖሮ ቁርጥራጮቹ በኩምራን ዋሻዎች እስኪገኙ ድረስ፣ ሙሉውን መጽሐፍ ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ነው፤ ዛሬም ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ኩፋሌ ኤደን ገነትን ቅድስተ ቅዱሳን ይላታል። አዳምም ከገነት በወጣባት ዕለት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ መልካም መዓዛ ያለው ዕጣን እንዳጠነ ይናገራል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ከዚህች ቦታ የበለጠ የሚነካኝ የለም። ሰው ቤቱን ካጣ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጸሎት ነው። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት መቅደሳቸው በምሥራቅ በኩል ስለሆነ አቅጣጫው ከድንኳኑ ጋር የተገላበጠ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረን ስንጸልይ የቀድሞ አገራችንን ገነትን እየፈለግን መሆኑን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው ሲል ጽፏል።

እንግዲህ እንግባ። ደጁ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መዝሙረኛው በምስጋና ግቡ ብሎ ነገሩን ጨርሶታል። ጠዋት ተነሥቶ ከጉዳዩ በፊት ስለ አንዲት የታወቀች ነገር ስም ጠርቶ ያመሰገነ ሰው ደጁን አልፏል።

የናሱ መሠዊያ ግን በፍጥነት የሚታለፍ አይደለም። ጠዋት አንድ ጠቦት፣ ማታ አንድ ጠቦት በየቀኑ ይቀርብበት ነበር፤ እሳቱም እንዳይጠፋ ታዟል። ክርስቲያን እዚህ ቦታ ላይ የሚያየው መስቀሉን ነው፤ ወደ እግዚአብሔር የምንቀርበው በራሳችን መልካምነት እንዳልሆነ የምናስታውስበት ስፍራ ነው። ሌላም ነገር አለ። ሰው ወደዚህ መሠዊያ ባዶ እጁን አይመጣም። ከመንጋው ነውር የሌለበትን መርጦ ያመጣል፤ እጁን በራሱ ላይ ይጭናል። ከመለመኑ በፊት ይሰጣል። ለእኛም የመሠዊያው ጸሎት «ይህን ስጠኝ» ከማለት በፊት «ይህ ቀን የአንተ ነው» ማለት ነው፤ ያቀድኩት ስብሰባ፣ የማገኘው ሰው፣ በኪሴ ያለው ገንዘብ። ጌታችን በተራራው ስብከቱ መባህን ይዘህ መሠዊያው ዘንድ ስትደርስ የተቀየመህ ወንድም እንዳለ ትዝ ቢልህ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሎ ማስተማሩንም አንርሳ። መሠዊያው የተቀየመንን ሰው ያስታውሳል፤ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ጸሎታችን እዚህ ላይ ተቋርጦ ስልክ ማንሣት ይኖርብን ይሆናል።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ዕቃ ላይ ደረስን። የሁሉም ዕቃ ልክ በክንድ ወይም በመክሊት ሲነገር የመታጠቢያው ሰን ግን ምንም ልክ አልተሰጠውም። የተነገረለት ነገር ሌላ ነው። በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ያገለግሉ ከነበሩት ሴቶች መስተዋት ተሠራ ይላል፤ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 38። በዚያ ዘመን መስተዋት ብርጭቆ አልነበረም፤ ተወልውሎ እንዲያበራ የተደረገ ናስ ነበር። እነዚያ ሴቶች ፊታቸውን የሚያዩበትን ዕቃ አምጥተው ሰጡ፤ ቀለጠ፤ ሰን ሆነ። ራስን ለማየት የተሠራው ነገር ለመታጠቢያ ዋለ።

ካህኑ እዚያ የሚታጠበው እጁንና እግሩን ነው። እጅ የሠራነው ነው፤ እግር የሄድንበት ነው። እዚህ ላይ የግል ጸሎታችን አንድ የተለመደ ደካማ ጎን አለው። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው ኃጢአተኛ ስለሆነ ማንንም አያሳፍርም። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ለሥራ ባልደረባዬ ዋሸሁ፤ እውነቱ ሲታወቅም ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አላከክኩ» ማለት ግን ፊትን በመስተዋት እንደማየት ነው። በሰኑ ፊት ጸሎት ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። ንስሐ አባት ላለው ሰው ይህ የጠዋት ጥቂት ደቂቃ ኑዛዜን አይተካም፤ ለኑዛዜ ያዘጋጃል እንጂ።

ሆኖም ሰኑ መተላለፊያ ነው። ታጥቦ የሚታለፍበት እንጂ የሚታደርበት አይደለም። አንዳንድ መንፈሳዊ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሰኑ አጠገብ ድንኳን ተክለው የሚኖሩ። ጸሎታቸው ሁሉ ራስን መውቀስ ነው፤ ወደ ውስጥ አልፈው አያውቁም። ትሕትና ይመስላል፤ እኔ ግን ይቅርታን አለማመን ነው እላለሁ።

ቅድስት ስንገባ የመጀመሪያው ነገር ጨለማው ነው። ድንኳኑ መስኮት የለውም፤ በላዩ አራት ድርብ መሸፈኛ አለው። የሚታየው ሁሉ የሚታየው በመቅረዙ ብርሃን ነው። መቅረዙ ከአንድ መክሊት ጥሩ ወርቅ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ሰባት መብራት የተሸከመ ነው። ዘይቱን የሚያመጣው ሕዝቡ ነው፤ ተወቅጦ የተጠለለ የወይራ ዘይት። አሮን ጠዋት ጠዋት ገብቶ መብራቶቹን ያዘጋጃል፤ ለዚህ ሥራ የወርቅ መቆስተሪያ ነበረው። በኩራዝ ያጠና ሰው ይህን ለማስረዳት ቃል አያስፈልገውም፦ ጋዙ ሞልቶ እያለ የክሩ ጫፍ ከሰለ ማለት መብራቱ ይጤሳል፤ የተቃጠለው ካልተቆረጠ ብርሃን የለም። ጸሎትም እንዲሁ ነው። ትናንት የበራልኝ ሐሳብ፣ ባለፈው ዓመት ያለቀስኩበት ቃል ዛሬ ከስሎ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን እየደጋገሙ መሞቅ ያጤሳል እንጂ አያበራም። የጠዋት ጸሎት ክፍል አንዱ ይህ ቁረጣ ነው።

ፊት ለፊቱ ያለው ገበታ 12 ኅብስት ይዟል፤ በየሰንበቱ ይለወጣል፤ የወጣውን ካህናቱ በተቀደሰ ስፍራ ይበሉታል። እዚህ ላይ ቃሉን አንብቡ፤ ጥቂት፣ ግን የምትበሉትን ያህል። ከዚያ ውጪ ስለ ገበታው ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በዚህ ክፍል ገበታ አለ፣ መብራት አለ፣ ወንበር ግን የለም። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ይህን አስተውሎ፣ ካህናቱ ዕለት ዕለት ቆመው ሲያገለግሉ ክርስቶስ ግን አንድ ጊዜ መሥዋዕት አቅርቦ በእግዚአብሔር ቀኝ ተቀመጠ ይላል። የእኛ ጸሎት የቆመው የእርሱ ሥራ ባለቀበት ላይ ነው።

ከመጋረጃው ፊት የዕጣኑ መሠዊያ ቆሟል። ትንሽ ነው፤ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ፣ ቁመቱ ሁለት ክንድ፤ ከግራር እንጨት ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ። ልመና የሚገባው እዚህ ነው። መዝሙረኛው ጸሎቱ እንደ ዕጣን እንዲቆጠርለት ይለምናል፤ የዮሐንስ ራእይም በወርቅ ዕቃ የሞላው ዕጣን የቅዱሳን ጸሎት ነው ይላል። ስለዚህ ይህ መሠዊያ የጸሎት መሆኑን ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያሻም።

የሚያስደንቀው ግን ዝርዝሩ ነው። በመጀመሪያ እሳቱ። በስርየት ቀን ሊቀ ካህናቱ ለዕጣኑ የሚሆነውን ፍም የሚወስደው ከመሠዊያው ነው፤ በኋላ ዘመንም በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በየዕለቱ የሚታጠነው ፍሙ ከውጭው መሠዊያ እየመጣ እንደነበር ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ መዝግቦታል። የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ ያልታዘዘ እሳት ይዘው ገብተው እንደሞቱ ታስታውሳላችሁ። ልመናን የሚያጤሰው እሳት መሥዋዕቱን ከበላው እሳት የመጣ መሆን አለበት። በቁጣ፣ በቅናት ወይም በፍርሃት የተቀጣጠለ ልመናም ይጤሳል፤ ጠላቴን አዋርድልኝ የሚለው ጸሎት ብዙ ጊዜ ከየት እሳት እንደተጫረ ራሳችን እናውቀዋለን።

ሁለተኛው ቅመሙ ነው። አራት ሽቱ በእኩል ሚዛን ተቀላቅሎ በጨው ይቀመማል። ይህንኑ ዕጣን ለራሱ ሊያሸትተው ብሎ የሠራ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ እንዲጠፋ ተፈርዷል። ከባድ ፍርድ ነው፤ ነገር ግን አደጋው ዛሬም አለ። የራሱን ጸሎት ማሽተት የሚወድ ሰው አለ። ድምፁን፣ ቃላቱን፣ እንባውን ይወዳቸዋል። በአደባባይ ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ፤ ሰው ለብቻውም ሆኖ ለራሱ መጸለይ ይችላል።

ሦስተኛው የስሞቹ ነገር ነው። አሮን ወደ ቅድስት ሲገባ በትከሻዎቹ ላይ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች፣ በእያንዳንዳቸውም የስድስት ነገድ ስም ተቀርጾ ይይዛል። በደረቱ ላይ ደግሞ የ12 ነገድ ስም የተቀረጸባቸው 12 ድንጋዮች አሉ። ሸክማቸው በትከሻው፣ ፍቅራቸው በልቡ ላይ ነው። ብቻውን ይገባል፤ የሚገባው ግን ለብቻው አይደለም። ከዚህ የተነሣ ምልጃ የግል ጸሎት ጭማሪ ሳይሆን ልቡ ነው ብዬ አምናለሁ። የሉቃስ ወንጌልም የሚከፈተው በዚሁ ስፍራ ነው፦ ካህኑ ዘካርያስ ዕጣ ወጥቶለት ሊያጥን ገብቷል፤ ሕዝቡ በዕጣን ጊዜ በውጭ ቆሞ ይጸልያል፤ መልአኩ በዕጣኑ መሠዊያ ቀኝ ይታየዋል። ዘካርያስ ሽማግሌ ነው፤ ልጅ የለውም፤ መልአኩ ጸሎትህ ተሰምቶልሃል ይለዋል። የሕዝቡን ዕጣን ሲያሳርግ የራሱ የቆየ ልመና መልስ አገኘ። የእኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሆኖ ቅዳሴውን ከውጭ ሲያስቀድስ ያቺን የዘካርያስን ሰዓት እየደገማት ነው፤ ለብቻው ቆሞ ቢሆንም ጸሎቱ ውስጥ ካለው ጋር ይወጣል።

አሁን መጋረጃው ቀርቷል። ከመጋረጃው ውስጥ ታቦቱ አለ፤ በውስጡ የሕጉ ጽላት፣ በላዩ የስርየት መክደኛ፣ በመክደኛው ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ኪሩቤል። ከሕጉ በላይ ምሕረቱ ተከድኗል። ሊቀ ካህናቱ በስርየት ቀን የሚገባው በወርቅ ያጌጠውን ልብሱን አውልቆ ተራ የበፍታ ልብስ ለብሶ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ምን እንደሚለብስ፣ ስንት እፍኝ ዕጣን እንደሚይዝ፣ ደሙን ስንት ጊዜ እንደሚረጭ ይነግረዋል። ውስጥ ሆኖ ምን እንዲናገር ግን አንድም ቃል አልታዘዘም። የሕዝቡን ኃጢአት የሚናዘዘው ከወጣ በኋላ፣ በሕይወት ባለው ፍየል ራስ ላይ እጁን ጭኖ ነው። በውስጠኛው ክፍል የሚናገረው ሌላ ነው፤ ኦሪት ዘኍልቍ ሙሴ ሊነጋገር ሲገባ ከኪሩቤሉ መካከል ድምፅ ይሰማ እንደነበር ይነግረናል።

ሚሽና ስለ ኋለኛው ቤተ መቅደስ ሲተርክ ሊቀ ካህናቱ ከውስጥ ሲወጣ በፊተኛው ክፍል አጭር ጸሎት ይጸልይ ነበር፤ ሕዝቡ ምን አገኘው ብሎ እንዳይደነግጥ አያስረዝመውም ነበር ይላል። ሚሽናን የሚተነትነው ታልሙድ ደግሞ የዚያችን አጭር ጸሎት ይዘት ያስቀምጣል። ዓመቱ ዝናብ ያለበት እንዲሆን ይለምናል። ቀጥሎም የመንገደኞች ጸሎት በፊትህ አይግባ ይላል፤ መንገደኛ ዝናብ እንዳይመታው ይጸልያልና። ለአገሬ ገበሬ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። አንድ ሰው ጫማው እንዳይጨቀይ የለመነው ልመና ሌላው ሰው የሚጠብቀውን እህል ሊያጠፋ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የተጠበቀችው ጸሎት በጥቂት ዓረፍተ ነገር አልቃ ከመካከላቸው አንዱ የግል ምቾትን የሚቃወም ሆነ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ከወንጌላውያን ወንድሞችም ከኦርቶዶክሳውያን ወገኖችም ሲነሣ ሰምቼዋለሁ። ጌታ በመስቀል ላይ ሲሞት የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ተቀዷል። መንገዱ ከተከፈተ ደጅ፣ መሠዊያ፣ ሰን እያልን መዞር ለምን አስፈለገ? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን የማገኘው በዕብራውያን ምዕራፍ 10 ነው። ጸሐፊው በኢየሱስ ደም ወደ መቅደስ ለመግባት ድፍረት አለን ካለ በኋላ እንዴት እንደምንቀርብ ሲናገር ልባችን ተረጭቶ፣ ሰውነታችንም በጥሩ ውኃ ታጥቦ ይላል። መሠዊያውንና ሰኑን አልጣላቸውም። ቀድሞ የሚከለክሉ አጥሮች ነበሩ፤ አሁን የሚመሩ ምልክቶች ሆኑ። ልቡን ሳይሰበስብ ለሚሮጥ ሰው አረማመድ ያስተምሩታል።

ሕግ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ሐናን ላስታውሳችሁ። ድንኳኑ በሴሎ ተተክሎ ሳለ ልጅ ያጣችው ሐና መጥታ በደጁ አጠገብ አለቀሰች። ካህን አይደለችም፤ ቅደም ተከተልም አልጠበቀችም። ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ አይሰማም ነበርና ሽማግሌው ካህን ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። በዚያን ቀን ከሁለቱ የተሻለ የጸለየችው እርስዋ ናት። ልቡ የተሰበረ ሰው ከየትኛውም ቦታ ሊጀምር ይችላል፤ ሥርዓቱ የሚጠቅመው እንደ እኔ ልቡ ለደረቀበት፣ በልማድ ለሚጸልየው ሰው ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከጥንት ጀምሮ የድንኳኑን እያንዳንዱን ካስማና ቀለበት ትርጉም ለመስጠት የደከሙ ብዙ ናቸው። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ሰባቱን መብራቶች በሰባት ከዋክብት፣ አሥራ ሁለቱን ኅብስት በወራት ተረጎማቸው። ሊቁ አርጌንስ እያንዳንዱ ሰው በነፍሱ ውስጥ ድንኳኑን ሊሠራ ይችላል ብሎ ሰበከ፤ ይህ እስከ ዛሬ ሕይወት ያለው ሐሳብ ነው። በእኛ ዘመን የደቡብ ኮሪያው ፓስተር ዮንጊ ቾ፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 2021 የኖሩት፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተዘዋወሩ መጸለይን ለብዙዎች አስተምረዋል። ጠቃሚ ልምምድ ነው። ነገር ግን ጣቢያዎቹን ቆጥሮ የጨረሰ ሁሉ የለመነውን ያገኛል ወደሚል ስሌት ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ያኔ መቅደሱ መቅደስነቱ ቀርቶ ማሽን ይሆናል። የዕብራውያን ጸሐፊ ዕቃዎቹን ከዘረዘረ በኋላ ስለ እነዚህ አሁን በየክፍሉ ልንናገር አንችልም ብሎ ያልፋል። እርሱ ያለፈውን እኛ ካስማው ድረስ ብንተረትረው ምን ይጠቅመናል?

አንድ ዝርዝር ግን ይቅር አይባልም። ታቦቱ የሚሸከሙበት መሎጊያዎች ነበሩት፤ ከቀለበቶቹ ፈጽሞ እንዳይወጡ ታዟል። ታቦቱ በቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ቆሞ እንኳ ለጉዞ የተዘጋጀ ነው። ድንኳኑ የተሰጠው አገር ለሌለው፣ በበረሃ ለሚጓዝ ሕዝብ ነበር። ዛሬ በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ የማትችል እኅታችን፣ በአሜሪካ ሌሊት እየነዳ የሚያድር ወንድማችን፣ ይህ ትምህርት ከማንም በላይ የሚመለከተው እነርሱን ነው። ጸሎታቸው ከሕንጻው ጋር አልቀረም።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት መድቡና ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30ን፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16ንና ዕብራውያን ምዕራፍ 10ን በአንድ ተቀምጣችሁ አንብቡ፤ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በማግስቱ ጠዋት ስትጸልዩ የራሳችሁን ጉዳይ ከማንሣታችሁ በፊት የሁለት ሰዎችን ስም ጥሩ፤ አንዱ የተቀየማችሁት ሰው ይሁን። «አሜን» ካላችሁ በኋላም ቶሎ አትነሡ፤ ጥቂት ቆዩ።